ልቅሶ የደረሰ ዘመድ ነው

የአንድን አገር ሰው ጠባይ ማወቅ የፈለገ ከሠርጉ ይልቅ ልቅሶውን ይይ። ሠርግ የትም ሠርግ ነው፤ ይደገሳል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል። የአክራ ሰው አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ቢገኝ እስክስታውን ባይችል እንኳ ትከሻውን መነቅነቁ አይቀርም። ልቅሶ ግን ሌላ ነው። አስከሬን ስንት ቀን ይቆያል? ማን ይጮኻል? ማን ዝም ይላል? ምን ይለበሳል? ምን ይቀመሳል? የእርዳታ ገንዘብ በይፋ ነው በስውር የሚሰጠው? መልሱ ከአገር አገር ይራራቃል። ሰው ደግሞ በሐዘኑ ሰዓት አያስመስልምና የሚታየው እውነተኛ መልኩ ነው።

ይህን የምለው "ጥቁር ሕዝብ አንድ ነው" የሚለውን ቃል እየሰማሁ ያደግሁ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲነገር ይኖራል። አልቃወመውም። ነገር ግን አንድ ያደረገን ምን እንደሆነ አፍታትቶ የነገረኝ አልነበረም። መልክ ነው እንዳንል መልካችን ብዙ ነው። ባህል ነው እንዳንል ደግሞ፣ አሁን የማወጋችሁ አንድ የነሐሴ ቀን እንዳሳየኝ፣ ባህላችን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ዝምድናችን የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የመጣበትን ካላወቅን ደግሞ ያለብንን ዕዳም አናውቅም።

ጉዟችን ጉለሌ ወደሚገኘው የውጭ አገር ሰዎች መካነ መቃብር ነበር። መኪናውን የሚነዳው የአፍሪካ ኅብረት ውስጥ የሚሠራ ጋናዊ ጓደኛዬ ነው። ከአጠገቡ ለመታወቂያ ጉዳይ ከሻሸመኔ የመጡ፣ ሽበት የጣለበት ረጅም ድሬድ ያላቸው ጃማይካዊ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከኋላ ከእኔ ጋር ያሉት ከቺካጎ የመጡ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ዕድሜ ጋር ስለሚቀራረብ አንቺ ማለት አልሆነልኝም፤ በእንግሊዝኛ ስናወራ እንኳ በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነበር። ያን ቀን ሌሊት ወደ አገራቸው ይበራሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ መቃብር ላይ አበባ ማኖር ፈልገዋል፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን መቃብር ላይ።

ሮቢንሰን ማን እንደነበር ጥቂት ልበል። ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ያደገ፣ ቱስኪጊ በሚባል ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አውሮፕላን ማብረር አማረው፤ ቺካጎ የነበረው የበረራ ትምህርት ቤት ግን ጥቁር አላስገባም አለ። እሱም እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረና ክፍል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ጀመር። ኋላ በተማሪነት ተቀበሉት። በግንቦት 1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ኤርትራ ውስጥ ሲከማች እሱ አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂት አውሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን የኢትዮጵያ አየር ኃይልም መራ። አድዋ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ስትደበደብ እዚያው ነበር። አገሪቱ ስትያዝ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ይዞ መጥቶ የእኛን ልጆች በረራ አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረው ጉለሌ ነው። የቺካጎዋ እናት ስሙን የሰሙት ከአባታቸው ነው። ሮቢንሰን ከጦርነቱ ሲመለስ ቺካጎ በሆታ ስትቀበለው አባታቸው ሕዝቡ መካከል የቆመ ልጅ ነበር።

መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ወጣን፤ የቺካጎዋ እናት ነጠላ መግዛት ፈልገው ነበር። እዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቺካጎ ውስጥ ጥቁር ሰው የማያውቀውን ጥቁር ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለዋል። አይቼሃለሁ፣ ብቻህን አይደለህም ማለት ነው። የቺካጎዋ እናትም እንደ ልማዳቸው ሽሮ ሜዳ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ነጠላ የምትሸጠው ልጅ ጠጋ ብላ "እማማን አንገታቸውን አሟቸው ነው?" ስትል ጠየቀችኝ። ከልቧ አዝና ነበር። ሁሉ ጥቁር በሆነበት ሰፈር ሰውን በጥቁርነቱ ሰላም የሚለው የለም። እኛ የምንጠያየቀው ሌላ ነው፤ የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? ሰፈርህስ? የእሳቸው ሰዎች ይህን መጠየቅ የተከለከሉ ናቸው። አባት ከልጁ ተነጥሎ ሲሸጥ፣ የአገሩ ስም ሲጠፋ፣ የቀራቸው አንድ መታወቂያ ቆዳቸው ነበር፤ እሱኑ ይዘው ዘመድ ተፈላለጉ። እኛ አገራችን ተቀምጠን የማናውቀውን ያንን ሰላምታ ዋሽንግተን የሄደው ልጃችን ዓመት ሳይሞላው ይለምደዋል።

ከሽሮ ሜዳ ወርደን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስንሄድ ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ ጉለሌ ላይ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ነው የሚወርደው። አንዱ ቁልቁለት ላይ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገባችና ጎማዋ ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። ወርደን ስንገፋ ከፊታችን ደግሞ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ ድንኳን ተመለከትን። ሰዎች ከቀብር እየተመለሱ ነው። ጎረምሶች ሮጠው መጥተው መኪናችንን አወጡልን፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወዴትም መሄጃ የለም፤ ከፊት ድንኳን፣ ከኋላ ጭቃ። የቺካጎዋ እናት አበባቸውን እንደ ታቀፉ በዝናብ ቆመዋል። ጥቁር ነጠላ ያደረጉ አንዲት እናት አዩዋቸውና "ውይ፣ ከሩቅ ነው የመጣችሁት!" እያሉ እጃቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ አስገቧቸው። አንድ ቃል ለመናገር ፋታ አላገኘሁም።

የሞቱት ሸማኔ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሽመና ጉድጓድ ያሳለፉ አባወራ። ጠዋት አርፈው ከቀኑ 9 ሰዓት ተቀብረዋል። ጋናዊው ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። "ልጆቹ ሁሉ ሳይሰበሰቡ? ሰው ሳይጠራ?" በአካን ሰዎች ዘንድ አስከሬን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት በማቀዝቀዣ ይቆያል። የሟቹ ትልቅ ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይና ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሕዝብ አደባባዩን ይሞላል። አክራ አጠገብ ቴሺ በምትባል ሰፈር ያሉ የጋ አናጢዎች ደግሞ ሬሳ ሣጥንን በሟቹ ሙያ አምሳል ይሠራሉ፤ ለዓሣ አጥማጅ በዓሣ፣ ለገበሬ በካካዎ ፍሬ። "ሮቢንሰን እኛ ዘንድ ቢሞት" አለኝ፣ "በአውሮፕላን አምሳል በተሠራ ሣጥን ነበር የምንቀብረው።" ለእኛ አስከሬን ማቆየት ሟችን ማንገላታት ነው፤ ለእነሱ ቶሎ መቅበር ሟችን ማዋረድ ነው። ሁለቱም ሟችን ሲያከብሩ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቢያይ ግን ይዘገንነዋል።

የቺካጎዋ እናት አዲሱን ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ታች አድርገው፣ እንደ ዓመት በዓል ተከናንበው ነበር የገቡት። ሴቶቹ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከትከሻቸው አወረዱትና አዘቀዘቁላቸው፤ ጥለቱ ወደ አንገታቸው ወጣ። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን በቀብር ቀን ለቀስተኛ የሚያስተናግዱት ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ይለብሳሉ። የሟቹ ታሪክ ከነፎቶው ታትሞ ለሰው ይታደላል፤ ሥርዓቱም ወደ ቤት መሄድ ይባላል። ምክንያቱን እያለቀሱ ነገሩኝ። ባሪያ የነበረ ሰው በሕይወት ሳለ የራሱ አልነበረም፤ የራሱ የሆነው ሲሞት ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ባሪያዎች ለቀብር እንዳይሰበሰቡ ሕግ ወጥቶባቸው ነበር፤ አመፅ ይመክራሉ ተብሎ ስለተፈራ ብዙዎች ሙታናቸውን የቀበሩት በሌሊት ነው። በጌታው ቤት ከመሞት በቀር ነፃ መውጫ ያልነበረው ሰው ለሞተ ወገኑ ቢያለቅስም ይዘምርለታል። ኒው ኦርሊንስ ላይ በማርሽ ባንድ ሙዚቃ እያለቀሱ ወደ መቃብር ወስደው እየጨፈሩ የሚመለሱትም ለዚህ ነው።

ጋሼ ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ብዙ ራስ ተፈሪያን ከሬሳና ከቀብር ይርቃሉ፤ ሕይወት እንጂ ሞት አይወራም ይላሉ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የአጼ ኃይለ ሥላሴ አጽም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ አብዛኞቹ ያልመጡት በዚህ እምነት ነው፤ ለእነሱ ጃንሆይ አልሞቱም። ጋሼ ያደጉባት ጃማይካ ግን ሌላ ልማድም አላት። ሰው ከሞተ በኋላ እስከ ዘጠነኛው ሌሊት ሲዘመር፣ ሲበላ፣ ነጭ ሮም ሲጠጣ፣ ዶሚኖ ሲጫወቱ ይታደራል፤ በዘጠነኛው ሌሊት መንፈሱ ይሸኛል። እምነታቸው ከዚህ ሁሉ አርቋቸው ነበር የኖሩት። "ሻሸመኔ እንደገባሁ ጎረቤቴ ሞተ" አሉ በጠራ አማርኛ። "ቤቴ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ውስጥ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። እህሌን ወፍጮ ቤት የሚያደርስልኝ ልጅ እንኳ ቀረ። ኋላ አንዲት ባልቴት ጠርታ መከረችኝ፤ ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ሲሞት ማን ያነሳዋል አለችኝ።" ኮፍያቸውን አስተካከሉና ገቡ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ንፍሮ መጣ፤ ከዚያ እንጀራ በምስርና በጎመን። የፍልሰታ ጾም ነበርና ሥጋ የለም። ሥጋ የማይቀምሱት ጋሼ ደስ አላቸው። የቺካጎዋ እናት ጎመኑን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ እሳቸውም ዘንድ ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ጎመን ይበላል፤ የእናታቸው ጎመን መልኩ ይኸው ነበር። ጓደኛዬ በበኩሉ ብር አወጣና በሰው ፊት ቆሞ ሊሰጥ ፈለገ። በአገሩ ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ገንዘብ ጠረጴዛ ዘርግተው የተቀመጡ ሰዎች ይቀበሉታል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የሰጪው ስምና መጠኑ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ይህ ጉራ አይደለም፤ ነገ የእሱ ቤት ሲያዝን ማን ምን ያህል እንዳለበት እንዲታወቅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን ደፋ። የዕድሩ ዳኛ ተነስተው ክንዱን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱትና ለጸሐፊው አስረከቡት። ጸሐፊው ስሙን መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ጓደኛዬ ረካ። የእኛም ሰው የተሰጠውን ይመዘግባል፤ የማይወደው መለፈፉን ነው።

ያን መዝገብ ሲያዩ የቺካጎዋ እናት ስለ ዕድሩ ጠየቁ። በየወሩ ስለሚከፈለው መዋጮ፣ ስለ ድንኳኑና ድስቱ፣ ንጋት ላይ ስለሚሰማው ጥሩምባ፣ ሳይገኝ ስለቀረ አባል ቅጣት አስተረጎምኩላቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ የተባሉ ከባርነት የወጡ ሁለት ሰዎች የነፃ አፍሪካውያን ማኅበር አቋቋሙ፤ አባል ሁሉ በየወሩ አንድ ሽልንግ ይከፍላል፤ የሞተ ይቀበርበታል፣ ባልቴትና ወላጅ አልባ ልጅ ይረዳበታል። የዕድሩ ዳኛ ሰምተው ሳይጨርሱ "ታዲያ ዕድር ነዋ!" አሉ። ጋሼ ጃማይካ ውስጥ ፓርትነር ስለሚሉት የገንዘብ ማኅበር፣ ጓደኛዬም ሱሱ ስለሚባለው ተናገሩ፤ ሁለቱም የእኛው ዕቁብ ናቸው። ድንኳኑ ሞቀ። አንድ ሆንን ልል ነበር፤ ግን አላልኩም። የኮሪያ ሰውም ዕቁብ አለው። እጅ ያጠረው ሰው የትም ዓለም ላይ እጁን ከጎረቤቱ ጋር ያጣምራል፤ ይህ የሰው ልጅ ሁሉ ብልኃት እንጂ የጥቁር ብቻ አይደለም።

ደግሞም ልዩነቱ ወዲያው ተመልሶ መጣ። ከጋሼ ፊት ለፊት የተቀመጡ የወሎ ሰው ጋሼ ደረት ላይ ያለውን የንጉሠ ነገሥቱን ምስል ሲያዩ ቆይተው "ጃንሆይን ታመልካላችሁ ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ነው?" አሉ። ጋሼ አልሸሹም። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲገቡ እሳቸው ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አዩ። እስከዚያች ቀን ድረስ በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያንም የተሰቀለው የንጉሥ ሥዕል ሁሉ የነጭ ነበር። "ያን ቀን እኔ ሰው መሆኔን አየሁ" አሉ። የወሎው ሽማግሌ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ "እኔ ደግሞ በ65 እና በ66 ወሎ ውስጥ ነበርኩ" አሉ፤ "ሁለት እህቶቼን በረሃብ ቀብሬአለሁ፤ ያኔ የመጣልን የለም። አንተ ያየኸው ዘውዱን ነው፤ እኔ ያየሁት ማጀቴን።" ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ማንም ማንንም አላሸነፈም፤ ለማስታረቅም አልሞከርኩም። ሽማግሌው የራሳቸውን ምስር ወደ ጋሼ በኩል ገፋ አደረጉና ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

የቺካጎዋ እናት ሊነሱ ሲሉ የሟቹ ሴት ልጅ አቅፋቸው አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ከውስጣቸው አንድ የቆየ የቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ወጣ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። በእኛ ልቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ዜማ የለም። አስለቃሿ ግን ሙያዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ዜማው መጨረሻ ላይ እስኪደርስ ጠበቀችና በራሷ ሙሾ ተቀበለችው። ግጥሙ የሸማኔውን እጅ የሚያነሳ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ ዜማቸውም ስልቱ የተለየ ነው። ሐዘንተኛዋ ግን ከሁለቱም ተጽናናች።

በመጨረሻ የዕድሩ ዳኛ ወደ እኔ ዞረው "ለመሆኑ አበባው ለማን ነው? ማን ሞቶባቸው ነው?" አሉኝ። ስለ ሮቢንሰን ነገርኳቸው፤ እዚሁ ጉለሌ እንደተቀበረም ጨመርኩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያ ሰፈር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስሙን ሰምተው አያውቁም። "በጣሊያን ጊዜ ነው የመጣው?" ሲሉ ጠየቁ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያ ልቅሶአችንን የደረሰ ሰው ነው" አሉ። "ልቅሶ የደረሰ ዘመድ ነው።"

ይህ ነው ስፈልገው የኖርኩት መልስ። እኛ አገር ዘመድን የሚያጸናው ደም ብቻ አይደለም። የአክስት ልጅ ሆኖ ልቅሶ የቀረ ባዳ ይሆናል፤ ባዳ ሆኖ የደረሰ ይዛመዳል። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሐዘን ድንኳን በጣለች ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር በር ላይ ቆማ ስትጮህ፣ ሰምቶ የመጣው ከሁሉ በፊት ይህ በባህል የማይመስለን ጥቁር ሕዝብ ነበር። ሃርለም ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። ለመዝመት የተመዘገቡትን የአሜሪካ ሕግ ከለከላቸው፤ ከቀን ሥራ የተረፈች ሳንቲማቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ አዋጡ። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ኒው ዮርክ ላይ በቡጢ ሲዘርረው ለኢትዮጵያ እንደተመታለት ቆጥረው ጨፈሩ። ያኔ ለትምህርት ወደ አሜሪካ በመጓዝ ላይ የነበረው ጋናዊው ክዋሜ ንክሩማ ለንደን ላይ የወረራውን ዜና በጋዜጣ ማስታወቂያ ሲያነብ፣ ለንደን ሁሉ በእሱ በራሱ ላይ ጦርነት ያወጀ ያህል እንደተሰማው ኋላ ጽፏል። የጓደኛዬ አገር ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ለሰንደቅ ዓላማዋ የእኛን ቀለማት መርጣለች።

ገንዘብና ሰልፍ ብቻ አልነበረም፤ በአካል የመጡም አሉ። ባርቤዶስ የተወለደው የሃርለሙ ሙዚቀኛና ረቢ አርኖልድ ፎርድ ከወረራው በፊት መጥቶ እዚሁ አዲስ አበባ ሞተ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ ልጆቿን ይዛ የጣሊያንን ዘመን እዚሁ አሳለፈች፤ ኋላም የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት አቋቁማ የእኛን ልጆች አስተማረች። ከእኛም ወገን ድልድዩን የሠራ ሰው ነበር። ዶክተር መላኩ በያን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አገባ፤ በ1929 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ነፃነቱን ሳያይ በ1932 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ አረፈ። በእኔ እምነት የእሱ ስም ከአርበኞቻችን ስም ጋር መጠራት አለበት።

እኛስ? ለእነሱ ልቅሶ ደርሰናል? ይህን በግልጽ መናገር ይገባኛል። በ1911 ዓ.ም. ደጃዝማች ናደው፣ ብላታ ኅሩይ፣ ከንቲባ ገብሩና አቶ ሲንቃስ አሜሪካ ሲሄዱ የአገሪቱ መንግሥት በክብር ተቀበላቸው፤ ኒው ዮርክ ያለ አንድ ክለብ ግን በቀለማቸው ምክንያት አላስገባም አላቸው። የዚያ አገር በር እኛንም የሚያየን እንደነሱ መሆኑን ያን ጊዜ ማወቅ ይቻል ነበር። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ ከእነሱ የተለየን ነን ስንል ቆየን። በገዛ አገራችንም ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከምዕራብና ከደቡብ የመጣውን ጥቁር ወገናችንን በመልኩ የሚያዋርድ ስድብ ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋም። ያን ቀን የተቀበሩት ሸማኔ የሚያለብሱት ሕዝብ ዕድሜ ልካቸውን ስማቸውን ሲያጎድፍ ኖሯል፤ ያውም አጼ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከከለከሉ በኋላ። ከቤቱ ልቅሶ የሚቀር ሰው የውጭ ልቅሶ ይደርሳል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ባሕር ማዶ ስንሄድም እንዲሁ ነን። ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ስትሪት አካባቢ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃና ንግድ የደመቀበት ሰፈር ነው። የእኛ ሰዎች ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ሰፈሩንም አነቃቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ መንገዱ ትንሿ ኢትዮጵያ ይባልልን የሚል ሐሳብ ሲያነሱ የቀድሞ ነዋሪዎች ቅር አላቸው፤ አያቶቻችን የገነቡትን ሰፈር በሌላ ስም ልትጠሩት ነው ወይ ብለው ተቃወሙ። ሥራችን የሚያስመሰግን ነው፤ ቅሬታቸውም እውነት አለው። እንጀራውን ከመዘርጋት በፊት ሰፈሩ ውስጥ የነበረውን ሐዘንና ደስታ መጠየቅ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር መቀመጥ ይቀድማል። አዲስ ሰፈር የገባ አባወራ መጀመሪያ ዕድር መግባት እንዳለበት የምናውቀው እኛ ነንና።

ከድንኳኑ ስንወጣ 12 ሰዓት ሆኖ ነበር። መካነ መቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ተዘግቷል፤ ጥበቃው ለነገ ኑ አሉን። የቺካጎዋ እናት ነገ የላቸውም። አበባውን ለእኔ አስረክበው በዚያው ሌሊት ሄዱ፤ እኔም በማግስቱ አደረስኩላቸው። መቃብሩን ባያዩም አላዘኑም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ "ሮቢንሰን ለምን እዚህ እንደቀረ ዛሬ ገባኝ" አሉኝ፤ "በዝናብ የቆመ መንገደኛን ከሐዘናቸው መሀል ተነስተው ያስገባሉ።"

ስለዚህ አንድ ነን ብለን አንመጻደቅ፤ አንድ አይደለንም ብለንም አንራራቅ። ጋናዊው ሟቹን ያቆያል፣ እኛ በዕለቱ እንቀብራለን፤ የቺካጎዋ እናት ይዘምራሉ፣ እኛ ሙሾ እናወርዳለን፤ ጋሼ የሚያመልኩትን ንጉሥ የወሎው ሽማግሌ ይከሱታል። ይህ ሁሉ ልዩነት ባለበት የሚቆም ነው፤ መጥፋትም የለበትም። ዝምድናን የሚያኖረው መድረስ ነው። እነሱ በክፉ ቀናችን ደርሰዋል፤ ታሪኩም ተጽፏል፣ መቃብሩም ጉለሌ ነው። የሮቢንሰንና የመላኩ በያን፣ የሚኞን ፎርድም ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ይነገር። የጉለሌ ልጅ በሰፈሩ ማን እንደተኛ ይወቅ። አሜሪካ ያለው ወገናችን ጥቁር አሜሪካዊው ጎረቤቱ ቤት ሐዘን ሲገባ ጎመኑን ሠርቶ ይሂድ፤ ነጭ ከለበሱት ሴቶች ጎን ይቁም። የዕድሩ ዳኛ ታሪኩን በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ ለአባላቱ እናገራለሁ ብለውኛል። ዕዳ መሆኑን አንድ ዕድር ካመነ ሌላውም ያምናል፤ ዕዳ መሆኑ የታመነ ልቅሶ ደግሞ እኛ አገር ሳይደረስ አይቀርም።